ለሰባት ቦታ የሌለው ሰንጠረዥ

ባለፈው ሳምንት አዳማ ውስጥ ጥርሴን ልታከም ክሊኒክ ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ፣ ከጎኔ የተቀመጠች ወጣት ስልኳ ላይ ሱዶኩ ትሞላ ነበር። ዘጠኝ በዘጠኝ የሆነ የቁጥር ሰንጠረዥ ነው፤ በየረድፉ፣ በየዓምዱና በየትንንሹ ሣጥን ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉት ቁጥሮች ሳይደገሙ መግባት አለባቸው። ልጅቷ ከባዱን ደረጃ መርጣ ኖሮ መሃል ላይ ቆመባት። ትንሽ አየችና አንድ ቁጥር ዝም ብላ ጣል አደረገች። ቀይ ሆነ። ሌላ ሞከረች። እሱም ቀይ ሆነ።

«ለምን እዚያ አስገባሽው?» አልኳት። ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ።

«ገምቼ ነዋ ማዘር። ሲከብድ እኮ መገመት ነው» ብላ ሳቀች።

ልመልስላት ስል ስሜ ተጠራ። ሐኪሙ ጥርሴን ሲነካካ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስለ አስቴር አስብ ነበር፤ ስለ ሽንኩርት መጋዘኑም።

ዘመኑ የደርግ ነበር፤ ከተማችንም ያኔ ናዝሬት ነበር የምትባለው። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤተሰቦቼ ወንጌላውያን ናቸው። ቤተ ክርስቲያናችን ተዘግቶ ስለነበር የምንጸልየው በየሰው ሳሎን፣ መስኮት ዘግተን፣ መዝሙሩንም በለሆሳስ እየዘመርን ነበር። አብራን የምትጸልየው አስቴር ከእኔ በጥቂት ዓመት ትበልጣለች፤ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ትሠራ ነበር። ወደ ናዝሬት ስትመጣ ከዝዋይ ዓሣ፣ ከመንገድ ዳር ሐብሐብ ገዝታ ነው የምትመጣው። አንዴ ግን አንድ የውጭ አገር እንግዳ ትቶት የሄደ የእንቆቅልሽ መጽሔት ይዛ መጣች። ሱዶኩ የሚለውን ስም ያኔ አልሰማንም። «ዘጠኝ በዘጠኝ» ብለን ጠራነው።

ቀላሎቹን ማንም ይሞላቸዋል። ከባዶቹ ጋ ሲደረስ ግን ፈጣን ዓይን ብቻውን አይበቃም። አስቴር አንድ ጥብቅ ሕግ ነበራት፤ መገመት የለም። «እዚህ ምን ይገባል ብለሽ አትጀምሪ። ምን አይገባም በይ» ትለኝ ነበር። በየባዶው ቤት ጥግ ሊገቡ የሚችሉትን ቁጥሮች በትንንሹ እንጽፋለን፤ ከዚያ መሰረዝ ነው። በአንድ ረድፍ ሁለት ቤቶች ሦስትንና ስምንትን ብቻ ከያዙ፣ ሦስትና ስምንት የእነሱ ናቸው፤ ከቀሩት የረድፉ ቤቶች ይሰረዛሉ። እኔ በጣም የምወደው ግን «ጠረጴዛ» ያልነውን ዘዴ ነበር። አምስት ቁጥርን እንውሰድ። በአንድ ረድፍ ሁለት ቦታ ብቻ ቀርቶታል እንበል። በሌላ ረድፍም እንዲሁ ሁለት ቦታ ብቻ ቀርቶታል፤ እነዚህም ከላይኞቹ ጋር በዓምድ ይገጥማሉ። አራቱ ቤቶች እንደ ጠረጴዛ እግር ይቆማሉ ማለት ነው። አምስት በየትኞቹ ሁለት እግሮች ላይ እንደሚያርፍ ገና አናውቅም፤ ሁለቱን ዓምዶች ግን ይዟቸዋል። ስለዚህ በእነዚያ ዓምዶች ሌላ ቤት ውስጥ የተጻፈውን አምስት ሁሉ ያለ ስጋት እንሰርዛለን። አንድ ነገር የት እንዳለ ሳያውቁ የት እንደሌለ በእርግጠኝነት ማወቅ በዚያ ዕድሜዬ ተአምር ሆኖብኝ ነበር። ዛሬም ትንሽ ተአምር ይመስለኛል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ያ የናዝሬት ነፋስ አቧራውን እያነሳ ቆርቆሮውን ሲያንገጫግጭ፣ የአብዮት ጥበቃዎች ለጸሎት ከተቀመጥንበት ሳሎን ከተፍ አሉ። ወንዶቹን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው። እኔን፣ አስቴርንና እኛ ቤት ተቀምጣ የምትማረውን የቡልቡላ ልጅ ጫልቱን ቀበሌው የወረሰው የሽንኩርት መጋዘን ውስጥ አስገቡን። ሽንኩርቱ ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታውና ልጣጩ ግን አልወጣም። ቀን ቀን ቆርቆሮው ስለሚግል ሲሚንቶው ላይ ተኝተን ጉንጫችንን እናቀዘቅዝ ነበር።

መውጫው ቀላል ነበር። ቅዳሜ በሚደረገው የቀበሌ ስብሰባ ላይ ግራ እጅን ጨብጦ ማንሳትና አብዮቱ ከሁሉም በላይ ነው የሚለውን መፈክር ማሰማት። ለብዙ ሰው ይህ ምንም አልነበረም። እጅ ይወጣል፣ እጅ ይወርዳል፣ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለእኛ ግን ከሁሉም በላይ የሆነው ሌላ ነበር። አንድ አፍ ሁለቱንም ሊል አይችልም ብለን ቆረጥን።

ጫልቱ በመጀመሪያው ቅዳሜ እጇን አነሳች። እናቷ ቡልቡላ ታማ ተኝታ ነበር። ዕቃዋን ልትወስድ ስትመለስ ዓይናችንን ማየት አቃታት። አስቴር የራሷን ሻሽ አውልቃ አሰረችላትና «እናትሽን ሳሚልን» አለቻት። ጫልቱ ላይ የሚፈርድ ሰው ዛሬም ሲገጥመኝ ፊቴ ይጠቁራል።

ጠባቂያችን ኦቦ ቱሉ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ጠዋት በሩን ሲከፍቱ «አካም ቡልተን፣ ልጆቼ» ይሉናል። እናቴ የምታመጣውን ጨጨብሳ ወይም መኮሮኒ እንዲፈትሹ ታዘዋል፤ እሳቸው ግን ማንኪያቸውን ከላይ ነካ አድርገው ያሳልፉታል።

የቀበሌው ካድሬ ጓድ ደርቤ ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ያቋረጠ ወጣት ነበር። የአስቴርን መጽሔት በፍተሻ ወስዶት፣ መጀመሪያ የምስጢር መልእክት መስሎት ለብቻ እየጠራ ጠየቀን። የምስጢር እንዳልሆነ ሲገባው ራሱ መፍታት ጀመረ መሰለኝ፤ በሌላ ቀን ሲያስጠራኝ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ፣ በእስክሪብቶ ተሰርዞና ተደልዞ አየሁት። ከዚያ አንድ ጠዋት በካሬ ወረቀት ላይ የተሠራ ሰንጠረዥ ይዞ መጋዘኑ ድረስ መጣ።

«ይህ የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ነው። በእጄ ገልብጬዋለሁ» አለ። «እኛ የእውነት ሰዎች ነን ትሉ የለም? እስከ ቅዳሜ ፍቱት። ከፈታችሁት ትለቀቃላችሁ። ካቃታችሁ ሕዝብ ፊት እጃችሁን ታነሳላችሁ።»

አስቴር ወረቀቱን ተቀበለችው። «እንሞክረዋለን ጓድ። እጃችንን ግን አናስይዝም» አለችው።

«እሱን ቅዳሜ እናያለን» ብሎ ወጣ።

ኦቦ ቱሉ ሻይ ከሚያፈሉበት ማንደጃ ከሰል ሰጡን። ሰንጠረዡን ሲሚንቶው ላይ አሰፋነው፤ የሚሰረዘውን ቁጥር በሽንኩርት ልጣጭ መሸፈን ጀመርን። ነፋሱ በበሩ ሥር ሲገባ ልጣጩን ያበረዋል። በሳቅና በንዴት እንደገና እንደረድራለን፤ መጨረሻ ላይ ልጣጩን ትተን በምራቅ መደምሰስ ሆነ። ሁለት ቁጥር የሚጋሩ ጥንድ ቤቶች አገኘን። ሁለት ጠረጴዛ አገኘን። ሁለተኛው ጠረጴዛ የሰባት ቁጥር ነበር። እሱን ተከትለን ስንሰርዝ፣ በስድስተኛው ረድፍ ለሰባት አንድም ቦታ አልቀረለትም።

እኔ ደነገጥኩ። «አስቱ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። የሆነ ቦታ አበላሽቼዋለሁ» አልኳት።

«ገምተሻል?»

«አልገመትኩም።»

«እኔም አልገመትኩም። ከታች ጀምረን እንደገና እንሥራው።»

ወለሉን በውኃ አጠብንና በሌላ በኩል ጀመርን። እያንዳንዷን ስረዛ ጮክ ብለን ምክንያቷን እየተናገርን ሄድን፤ አንዷ ትላለች፣ ሌላዋ ትቃወማለች። እንደገና ስድስተኛው ረድፍ ላይ ደረስን። እንደገና ለሰባት ቦታ የለም። ገምተን ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የግምታችን ነው ብለን ራሳችንን በጠረጠርን ነበር። አንድም ቦታ ስላልገመትን የምንጠረጥረው ወረቀቱን ብቻ ሆነ።

«ነክቶታል» አልኩ። ደሜ ፈላ። «አንድ ቁጥር ቀይሮብናል። ሕዝብ ፊት አጋልጠዋለሁ።»

አስቴር ራሷን ነቀነቀች። «እሱ ነካው አትበዪ። ሲገለብጥ ተሳስቶ ይሆናል፤ ያንን አናውቅም። የምናውቀውን ብቻ ተናገሪ። እኔ ስናደድ ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ አንቺ ነሽ የምትናገሪው።»

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። እናቴ ከፊት ወንበሮች በአንዱ ተቀምጣለች። ጓድ ደርቤ ስለ እኛ ረጅም ንግግር አደረገ፤ በቁጥር ጨዋታ እንኳ እንደተሸነፍን ለመናገር ቸኩሎ ነበር። «ፈታችሁት?» አለ ወደ እኛ ዞሮ።

«አልፈታነውም» አልኩ። «ይህ ሰንጠረዥ መልስ የለውም። ማሳየት እችላለሁ።»

ከልካይ ሳይመጣ የመሠረተ ትምህርት ሰሌዳው ጋ ሄጄ ጠመኔ አነሳሁ። ሰንጠረዡን በቃሌ ጻፍኩት። ጠረጴዛውን በአራት ክብ አሳየሁ፤ ከዚያ በስድስተኛው ረድፍ ያሉትን ባዶ ቤቶች አንድ በአንድ እየነካሁ ሰባት እዚህ ለምን እንደማይገባ ተናገርኩ። ማን ተረድቶ ማን እንዳልተረዳ እንጃ፤ የማልዋሽ መሆኔን ግን የተረዱ መሰለኝ።

ከኋላ አንድ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ እጃቸውን አወጡ። «ጓድ ደርቤ ከፈቀዱ፣ ዋናው መጽሔት ይምጣና ከወረቀቱ ጋር እናስተያየው» አሉ በትሕትና።

ጓድ ደርቤ ፊቱ ደም መሰለ። «ይህ የጨዋታ ስብሰባ አይደለም። ሰሌዳውን አጥፊው» አለኝ።

ጠመኔውን አስቀመጥኩ እንጂ አላጠፋሁም። መፈክር ታዘዘ። አዳራሹ በሙሉ እጁን አነሳ። እኔና አስቴር መድረኩ ላይ ቆመን፣ እጃችን ወደ ታች፣ የጻፍኩት ከኋላችን ነበር። እናቴ ሁለት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ አስገብታ ቀጥ ብላ ታየኝ ነበር። አላለቀሰችም።

በማግስቱ ጸጉራችንን ላጩን። ክረምቱን በሙሉ እዚያው መጋዘን አሳለፍን፤ ጣሪያው ያፈስ ስለነበር ሰንጠረዥ የምንሠራበት ደረቅ ወለል ጥግ ላይ ብቻ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተናው አመለጠኝ። አስቴር ሥራዋን አጣች። መስከረም ጠብቶ ደርቤ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር፣ አዲሱ ሰው ስለ እጅ ምንም ሳይጠይቀን «ሂዱ» አለን። ኦቦ ቱሉ እስከ ዋናው መንገድ ሸኙን። ጸጉሩ ገና አጭር በሆነው ራሳችን ላይ ፀሐይ እየወረደብን፣ እንደ ሠርገኛ ደረታችንን ነፍተን ገበያውን አቋረጥን። የሚያየን ሁሉ ይየን ብለን ሆን ብለን በመሃል መንገድ ሄድን።

ፈተናውን በሚቀጥለው ዓመት ወሰድኩ፤ ከዚያም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሒሳብ አስተማርኩ። አስቴር አቦምሳ አግብታ ልጆች አሳድጋለች። ስንደዋወል ስለ ጉልበት ሕመማችን ነው የምናወራው፤ ስለዚያ ዘመን ብዙም አናነሳም።

ይህን ታሪክ የሰሙ ሰዎች በመጨረሻ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። ደርቤ ቁጥሩን ሆን ብሎ ቀየረው ወይስ ሲገለብጥ ተሳሳተ? አላውቅም። መጽሔቱም የት እንደገባ አላውቅም፤ ዓይኔ ሥር ቢመጣ አገላብጬ አየው ነበር፤ ሆን ብዬ ግን አልፈልገውም። ብዙዎች «አንቺ ምን ትገምቻለሽ?» ይሉኛል። አልገምትም። በዚያ ረድፍ ለሰባት ቦታ አልነበረም፤ ይህን አውቃለሁ። የእኛ ያልሆነውን ስሕተት የእኛ ነው ብለን እንድንቀበል ተጠየቅን፣ አልተቀበልንም፤ ይህንንም አውቃለሁ። ለዚህ የከፈልኩትን ዓመት እንደ ኪሳራ ቆጥረው የሚያዝኑልኝ አሉ። አይዘኑልኝ። እጄ ዛሬ አርጅቷል፣ ጠመኔ ሲበላው የኖረ ነው፣ ደም ሥሩ ተገታትሯል። ቢሆንም የእኔ ነው፤ የማነሳውም እኔ ስፈልግ ነው።