ለደረቅ ሳል ብቻ

ብርዱ ከገባ ጀምሮ አንድ ሳል አልለቅ ብሎኝ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ የማይለቀኝ ነገር በመገኘቱ መደሰት ነበረብኝ።

እዚህ ጀርመን አገር እሑድ እሑድ በምናመልክበት የኪራይ አዳራሽ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ከባለቤቴ ጎን የታወቀች ወንበር ነበረችኝ። አንድ ቀን ስብከት መሐል አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ፣ «አባባ፣ በሩ ጋ ቢቀመጡ አየር ያገኛሉ» አለኝ። አየር አልጠየቅሁም ልል ስል ሳሉ ቀደመኝ። በሚቀጥለው እሑድ ወንበሬ ላይ ሌላ ሽማግሌ ተደላድሎ አየሁ፤ በዕድሜ ከእኔ እንደሚያንስ የሚምለው ሰውዬ። ለሳሌ ሲያዝንልኝ የከረመው ለካ ለዚህ ኖሯል! በሩ ጋ ያለው ወንበር አንድ ጥቅም ብቻ አለው፤ ስብከቱ ሲረዝም ሹልክ ማለት ይቻላል።

የቤት ሐኪማችን ራጅ አይቶ «ሳንባዎ ደህና ነው» ቢለኝም ሳሉ አልሰማውም። ባለቤቴ ሆኽስት የሚባል ሰፈር ውስጥ በቻይና ሕክምና ከምታክም ሴት ዘንድ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ያዘችልኝ። በር የከፈተችልን ፀጉረ ነጭ ጀርመናዊት ናት። ቻይናዋ ከውስጥ ትወጣለች ብዬ ጠበቅሁ። አልወጣችም።

«ምላስዎን ያሳዩኝ» አለች። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ሰው ፊት ምላስ ማውጣት ያስገርፋል፤ ቢሆንም አወጣሁ።

«ቀይና ደረቅ ነው። አክታ አለዎት?»

«የለውም» አለች ባለቤቴ። የሳሌ ጠበቃ እሷ ናት።

ሴትየዋ ነጣ ያለ የተከተፈ ሥር በከረጢት ሰጠችን። አይቢሽ ይባላል፤ እዚሁ ጀርመን አገር የሚበቅል ነው።

«ታዲያ ቻይናው የቱ ጋ ነው?» አልኳት።

«አመራረጡ ላይ» አለች ሳትቀየም። «እርስዎ ደርቀዋል፣ ሙቀትም አለብዎ። ይህ ያርሳል፣ ያበርዳል። አክታ ቢኖርዎ ኖሮ አልሰጥዎትም ነበር። በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፈው ያሳድሩት እንጂ አይቀቅሉት።»

ለሳል ቀዝቃዛ ነገር! ሳል ከብርድ ሌላ እናት እንዳለው በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ወደ ሰፈራችን ወደ ኖርድቬስትሽታት ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ከረጢቱን ስሰልለው መጣሁ።

በማግሥቱ ሥሩ ተዘፍዝፎ ያደረበትን ውኃ ተዝለግልጎ አገኘሁት። «ተልባ ነው» አልኳት ባለቤቴን። «የእኛኑ ተልባ ልብስ ቀይረው ሸጡልን።»

«ዝም ብለህ ጠጣ።»

አልጠጣሁም። እሷ ገበያ ስትወርድ የተረፈውን ሥር ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ቀቀልኩት። ለጥንቃቄ ብዬም ትንሽ ሚጥሚጣ ነሰነስኩበት። ስጠጣው ዓይኔ እስኪያለቅስ ሳልኩ፤ ማስረጃ በማግኘቴ ደግሞ ደስ አለኝ።

«አልነገርኩሽም? አይሠራም» አልኳት ስትገባ።

ድስቱን አሸተተችው። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ መድኃኒት ነው ወይስ ቁሌት? ወንበርህን ትፈልጋለህ፣ አትፈልግም?»

ወንበሬን እፈልጋለሁ። ሌላ ከረጢት መጣ፤ እሷ ራሷ እየዘፈዘፈች፣ እስክውጥ ፊቴ ቆማ ታጠጣኝ ጀመር። ጉሮሮዬ ላይ ሲንሸራተት የደረቀ ቆዳ ቅቤ ሲነካው የሚሆነውን ይሆናል። ቀን በቀን ሳሉ እየሳሳ ሄደ። ሥሩ ነው አላልኩም፤ ሳሉም ሰልችቼው ሊሆን ይችላል።

አንድ እሑድ ቀድሜ ደርሼ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ሽማግሌው መጣ፣ አየኝ፣ ከኋላዬ ተቀመጠ። ስብከቱ ከተጀመረ በኋላ ሳል ተሰማ። የእኔ አልነበረም።

ባለቤቴ አዛኝ ናት፤ ለእኔ ብላ ከያዘችው ብልቃጥ ልትሰጠው ቦርሳዋን ከፈተች። እጇን ያዝኩ።

«ቆይ እንጂ። ደረቅ ነው ወይስ አክታ አለው? መጀመሪያ ጠይቂው።»

«አላምንበትም ስትል አልነበር?»

«አሁንም አላምንም። ግን ያለ ሥርዓቱ አይሰጥም።»

ዞር ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችው። ሰውዬው ብልቃጡ ውስጥ የሚዝለገለገውን አየ፣ በሩንም አየ። «አክታ አለው» አለ፣ አስተናጋጁንም ሳይጠብቅ ተነሥቶ በሩ ጋ ሄደ።

ስብከቱ በጣም ረጅም ነበር። ዞር ስል የበሩ ወንበር ባዶ ነው። አክታ ነበረው ማለት ይከብደኛል።