ለሞተሩ ያወጣሁለት እንከን

የወንበር ልብስ እሰፋለሁ። መጀመሪያ የሰፋሁት የባሌን የጭነት መኪና ወንበር ነበር። ሾፌር ነበር፤ ወሎ ተጋብተን አዲስ አበባ የገባነውም በዚያው መኪና ነው። ልጃችን ስድስት ዓመት ሲሞላው ባሌ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለውና ቀረ። መኪናውን ጎትተው ሲያመጡት ሁሉ ነገሩ ተጨማዶ የኔ ስፌት ብቻ ደህና ነበር። አንድ ክር እንኳ አልተበጠሰም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ያስፈራኛል። የምበላው ግን ከሱ ሆነ።

ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቼ የታክሲ ወንበር እሰፋ ነበር። ፊት ለፊቴ የሞተር ሳይክል መካኒክ ግቢ አለ። መካኒኩ በዕድሜ ከኔ ገፋ ያሉ፣ ሳቅ የማያበዙ፣ እጃቸው ከግራሶ የማይላቀቅ ሰው ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። የሞተር ወንበር የሚያሰፋ ሲመጣ ወደኔ ይልኩታል። በቀኜ ደግሞ ግሮሰሪ ያላት ጎረቤቴ አለች። የሷም ልጅ የኔም ልጅ በአንድ ዓመት የተወለዱ፣ አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ከአንድ ትሪ የበሉ ናቸው። እኔ የምጾመውን ወር እሷ ታውቃለች፤ እሷ የምትጾመውን እኔ አውቃለሁ።

ደርግ ወድቆ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ልጆቹ ሃያ ሁለት ሞልቷቸዋል። በቦሌ በኩል ያለው ቪላ ሁሉ ቢሮና የእንግዳ ማረፊያ እየሆነ፣ ፈረንጁም ሞተሩም በዛ። የጎረቤቴ ልጅ አገር ለቆ ከሚሄድ አንድ ፈረንጅ ላይ ሞተር ገዛ። እንደ ሌላው ሞተር አይደለም። የእሽቅድምድም የሚሉት፣ የጃፓን፣ በዚያ ዓመት የወጣ ነው አሉ። ፈረንጁ በሳጥን አስመጥቶት ብዙም ሳይነዳው የሸጠው ነው።

በገዛው ማግስት፣ ቅዳሜ፣ ልጄን ከኋላ አስቀምጦት በበሬ አለፈ። አለፈ ማለት እንኳን አይቻልም፤ ድምፁ መጣ፣ ከዚያ ሄዷል። ያየሁት የልጄን ሸሚዝ ብቻ ነው። እንደ ፊኛ ተነፍቶ ጀርባው ራቁቱን ቀርቶ ነበር። ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደርሷል። እጁ ምን እንደያዘ ግን ብፈልግም አላየሁም። ጎረቤቴ በሯ ላይ ቆማ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ «አንተ ልጄ፣ አደራ፣ አብረኸው ሂድ!» እያለች ከኋላቸው ትጮኻለች። ከትንሽነታቸው ጀምሮ እንዲህ ነው የምትለው። ትወደዋለች ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን መቀሱ ከእጄ ወደቀ።

እሑድ ጧት የሞተር ሰዎች ሁሉ መካኒኩ ግቢ ተሰበሰቡ። አዲስ ሞተር የገዛ ሰው ማስመረቅ አለበት፤ ለስላሳ ያወርዳል፣ ይጠጣል። እነሱ ዘንድ ግን አንድ ልማድ ነበራቸው። ሞተሩ ዓይን እንዳይገባው፣ ያመሰገነ ሰው ሁሉ አንድ እንከን ማውጣት ግዴታው ነው። እንከን ሳያወጣ ጠርሙስ የነካ ጉድ ይሆናል። እኔንም ወንበር ሰፊያችን ነሽ ብለው ጠሩኝና በርጩማ ሰጡኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ያምር ነበር። ቀይና ነጭ ሆኖ በጎኑ ሐምራዊ ጭረት ያለው፣ ከፊት እስከ ጭራው በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ቆሞ እንኳን የሚሮጥ የሚመስል ነገር ነው። ሁለት የፊት መብራት አለው፤ ዝቅ ብሎ ያያል።

«ፊቱን እዩልኝ!» አለ አንዱ፣ ጥላ ቦታም ጥቁር መነጽሩን የማያወልቅ ጎረምሳ። «ተርብ ነው። በአላህ ተርብ አይደለም?»

«የታመመ ተርብ» አሉ መካኒኩ። ዙሪያውን እየዞሩ ያንኳኩታል። «ሞተር ማለት ሆድ ዕቃው የሚታይ ነገር ነው። ይሄን ካፖርት አልብሰውታል። አንዲት ካንዴላ ለመቀየር ሰውዬውን ራቁቱን ላስቀረው ነው?»

«ጋሼ፣ የእርስዎ ሞተር እኮ ሆድ ዕቃው የሚታየው የሚለብሰው ስላጣ ነው!» አላቸው የሞተሩ ባለቤት፣ የጎረቤቴ ልጅ።

ግቢው በሳቅ ተሞላ። መካኒኩ አልሳቁም፤ ግን አፋቸው ዳር ትንሽ ነገር አየሁ። «ይጻፍልኝ፤ እንከኔ ካፖርቱ ነው» አሉና ጠርሙሳቸውን አነሱ።

«ሰልባትዮው ያምራል» አለ ባለ መነጽሩ፣ የቤንዚኑን መያዣ እየዳበሰ። «እንደ ኮርማ ትከሻ ነው። እንከኑ ግን ቀለሙ። ይሄ ሐምራዊ ምንድነው? የከረሜላ ወረቀት አስመሰለው።»

«አንተ የከረሜላውን ወረቀት ተውና ሸሚዝህን እይ» አለው ባለቤቱ።

የኔ ልጅ ደግሞ፣ «መሪው ዝቅ አለ» አለ። «ጎንበስ ብለህ ስትነዳ ደብር ሁሉ እየተሳለምክ የምታልፍ ነው የምትመስለው።»

«ምን አለበት፣ እናቴ ደስ ይላታል!» አለው ጓደኛው።

እንዲህ እየተሳሳቁ ተራው እኔ ጋ ደረሰ። ባለ መነጽሩ፣ «ማዘር፣ የእርስዎስ እንከን?» አለኝ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። የሳቅ ነገር ነበር፤ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ የልጄን ሸሚዝ ሳይ አድሬያለሁ። ተነሥቼ ወደ ኋላው ሄድኩ። የኋላው ወንበር ሁለት መዳፍ አታህልም። ወደ ላይ ከፍ ብላ ተሰቅላለች፣ በላይዋ ጠባብ ቀበቶ ተሻግሮባታል፤ ሌላ መያዣ የላትም። ቀበቶዋን ስስበው ላላ። ሙያዬ ነውና አንድ ነገር አወቅኩ፤ ይህን የሠራ ሰው እዚያ ሰው ይቀመጣል ብሎ አልሠራም። ለማማር ነው የሠራው። አምሮለታልም። ከሞተሩ ሁሉ ያማረችው እሷ ነበረች፤ እንደ ወፍ ጭራ ተቀስራ።

«ኋላው ያስጠላል» አልኩ።



«እንዴት እማ?» አለ ልጄ።

«ከፊት እንደዚህ ተስቦ መጥቶ፣ እዚህ ሲደርስ ትራስ የጫኑበት በቅሎ ይመስላል። ሰው ሲቀመጥበትማ ጨርሶ ቅርጹ ይጠፋል። ትናንት ስታልፉ አይቻችኋለሁ፤ ሁለት ጆንያ ነው የመሰላችሁት። ይሄ ብቻውን የሚነዳ ሰው ሞተር ነው። የኋላውን ወንበር አውልቄ በቦታው ጉብ ያለ ነገር፣ በቀይ ቆዳ፣ ሾል አድርጌ ብሸፍንለት ያኔ ሞተር ይሆናል።»

ባለ መነጽሩ በርከክ ብሎ በአንድ ዓይኑ አየና፣ «እውነቷን ነው!» ብሎ ጮኸ። «የእሽቅድምድሞቹ እንደዚያ ናቸው፤ በመጽሔት አይቻለሁ። ማዘር አንደኛ ናቸው!» ሌሎቹም ተከተሉት። ባለቤቱ ራሱ ዓይኑ በራ። ልጄ ብቻ፣ «እኔ የት ልቀመጥ ታዲያ?» አለ እየሳቀ።

«ታክሲ ሞልቷል» አልኩት። እኔ አልሳቅኩም።

መካኒኩ ትክ ብለው አዩኝ። ሁሉም ከተበተነ በኋላ ወደ ቤቴ መጥተው በሩን ተደገፉና፣ «እህቴ፣ ይሄ የማማር ነገር አይደለም፣ አይደል?» አሉኝ።

«ያስጠላል አልኩ እኮ ጋሼ።»

«እሺ» አሉና ወደ ግቢያቸው ተሻገሩ።

በማግስቱ ስፖንጅ ፍለጋ ሾላ ገበያ ሄድኩ። ጠንካራውን መርጬ ገዛሁ። መካኒኩ የላሜራ መደገፊያ ቆርጠው ሰጡኝ፤ እኔ ቀዩን ቆዳ ወጠርኩበት። ጉብ ያለ፣ የሾለ፣ ማንም ሊቀመጥበት የማይችል ሆነ። ጨርሼም አልበቃኝም። ባለቤቱን፣ «የኋላውን የእግር መርገጫም አስፈታው፤ ያለ ሥራ ተንጠልጥሎ ያስጠላል» አልኩት። አመነኝ፤ ጉንጬን ስሞ አመሰገነኝ። የወለቀችውን ወንበር ከስፌት መኪናዬ ሥር ከተትኳት። በሕይወቴ እንደዚያ ጉብታ ጥሩ አድርጌ የሰፋሁት ነገር የለም። ከባሌ ሞት በኋላ ያለ ስጋት የተኛሁትም ያኔ ነው።

ልጄ ሳምንት ያህል በቅጡ አላናገረኝም። ወንድሜ ከሚለው ጓደኛው ጋር ጧት ተለያይቶ በታክሲ መሄድ ጀመረ። ጎረቤቴም በሯ ላይ ስትቆም የምትለው አጣች። ልጇ ብቻውን ሲወጣ ታየዋለች፣ ታማትባለች፣ ትገባለች። አየኋት። አይቼም ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። አንድ ቀን ጧት ሥራ እንደጀመርኩ መካኒኩ እየሮጡ መጡ። እኚያ ሰው ሲሮጡ አይቼ አላውቅም።

«ልጅ ወድቋል፣ ሲኤምሲ መንገድ ላይ።»

«ማን? ማን ጋሼ?»

«የግሮሰሪዋ። ብቻውን ነበር።»

ከአፌ የወጣው ቃል «አልሐምዱሊላህ» ነው። መካኒኩ ሰምተውኛል። እኔም ሰምቼዋለሁ። እስከ ዛሬም እሰማዋለሁ።

ሲኤምሲ ያኔ ከቪላዎቹ አልፎ ያለው ባዶ ሜዳ ነበር። ለአዲስ ቤት አሸዋ የሚያመላልስ መኪና መንገዱ ላይ አፍስሶ ሄዷል፤ ሞተሩን አሸዋው አዳለጠው። ልጁ ቦይ ውስጥ ገባ። ሞተሩ ደግሞ ተንሸራቶ ሣር መሃል ጠፋ። መንገድ ላይ ምንም ስለማይታይ መኪና ሁሉ እያለፈው ሄደ። ስንት ጊዜ እንደቆየ እሱም አያውቀውም። በመጨረሻ ወተት ይዛ ወደ ከተማ የምትመጣ ሴት ሲያቃስት ሰምታ ጮኸችለት። ነፍሱ ተረፈች። ቀኝ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ደሙ ብዙ ፈሶ፣ እግሩም ብዙ ቆይቶ ነበር።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ጎረቤቴን አቅፌያት ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁሉ ለቅሶዋ መሃል፣ «እንኳን ያንቺ አብሮት አልነበረ፤ በማርያም፣ እንኳን አልነበረ» አለችኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ፣ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ለኔም ሳይሆን ለግድግዳው፣ «አንድ ሰው ከኋላው ቢኖር እኮ ይጮህለት ነበር» አለች። ሁለቱም እውነት ነው። ልጄ ከኋላ ቢኖር ወይ ከሱ ቀድሞ ይሞት ነበር፣ ወይ ሮጦ መንገድ ላይ ቆሞ መኪና ያስቆም ነበር። የትኛው እንደሆነ የሚነግረኝ የለም። ሌት ተቀን አንዴ አንደኛውን አንዴ ሌላውን እያነሳሁ እጥላለሁ።

ሞተሩን መካኒኩ ግቢ አምጥተው አቆሙት። ያ የተደነቀው ፊቱ ተሰባብሯል፤ ሁለቱም መብራት ወጥቷል። ባለ መነጽሩ መጥቶ አየውና መነጽሩን አወለቀ። እኔ ወደ ኋላው ዞርኩ። የሰፋሁት ጉብታ ጭረት እንኳን አልነካውም። አንድ ክር አልተበጠሰም።

ልጄ ያን ቀን አጠገቤ ቆሞ ነበር። «እማ» አለኝ። «ያ ያወጣሽው እንከን እውነት ነበር?»

«አልነበረም» አልኩት።

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ሆስፒታል ሄደ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ መልስ ሁልጊዜ ወደዚያ ነው።

ለእናትየው ለመንገር ድፍረት ያገኘሁት ልጇ ቤት ገብቶ፣ በክራንች መሄድ ከለመደ በኋላ ነው። ግሮሰሪዋ ባዶ ነበር። ብርጭቆ እያጠበች ነው። ቆሜ ነገርኳት፤ የኋላው ወንበር እንደማያስጠላ፣ ያን ሁሉ ያልኩት የኔ ልጅ እንዳይቀመጥበት ብቻ ብዬ እንደሆነ፣ ስለሷ ልጅ ግን አንዲት ቀን እንኳን እንዳላሰብኩ። ትጮኽብኛለች፣ ብርጭቆውን ትወረውርብኛለች ብዬ ነበር። አጥባ ጨረሰች። ፎጣው ላይ ደፋችው። ሌላ አነሣች።

«አንቺ» አለችኝ፣ ሳታየኝ። «እኔ ልጅሽን ሁልጊዜ አብረኸው ሂድ የምለው ለምን ይመስልሻል?»

«ስለምትወጂው።»

«እወደዋለሁ። ግን የኔ ልጅ ብቻውን ሲሆን ያብዳል። ሰው ከኋላው ካስቀመጠ ቀስ ይላል። ያንቺን ልጅ ከኋላው የማስቀምጠው የኔ እንዲዘገይልኝ ነበር።» እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ። «ቢወድቁ ያንቺም አብሮ እንደሚወድቅ አላሰብኩም ብልሽ እዋሻለሁ። አስቤ ነው አብረኸው ሂድ ያልኩት።»

ይቅርታ አልተባባልንም። በርጩማ ስባ አስቀመጠችኝና ያጠበችውን ብርጭቆ ማድረቅ ጀመርኩ።

በበሩ በኩል ልጆቻችን መንገዱን ሊሻገሩ ሲሉ ይታያሉ። የሷ በክራንቹ ነው። የኔ ከጎኑ ሆኖ፣ ሆን ብሎ እግሩን እየጎተተ፣ ከጓደኛው እርምጃ ጋር እርምጃውን ያስተካክላል። አንድ ታክሲ ጡሩንባ ነፍቶ አለፋቸው። ጎረቤቴ እንደ ልማዷ ብድግ አለች፤ እጇን እየጠረገች በሩ ጋ ደረሰች፣ አፏንም ከፈተች። እኔ «አብረኸው ሂድ» እስክትል ጠበቅኩ። ሳትናገር እዚያው ቆማ ሁለቱ እስኪሻገሩ አየቻቸው። እኔም ከኋላዋ ሆኜ አየኋቸው።