ሊቀመንበር የቀደመው ኦርኬስትራ

ዊንጌት አካባቢ ከአንድ ቤት ክራር ሲቃኝ ስሰማ ዛሬም ያናድደኛል።

ልጅ ሳለሁ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ አባቴ የጉለሌን ኦርኬስትራ ሊያቋቁም ጎረቤቶቹን ሳሎናችን ሰበሰበ። ትራምፔትና አኮርዲዮን የሚጫወቱ ወንዶች መጡ። ታናሽ እህቱ፣ አክስቴ ዘነበች፣ ክራሯን ታቅፋ ከቀጨኔ መጣች። ወንዶቹ ግን አራት እሁድ ሙሉ ሊቀመንበር ማን ይሁን እያሉ ተጨቃጨቁ። እሷ በየሳምንቱ ክራሯን ቃኝታ ትጠብቅ ነበር።

በአራተኛው እሁድ፣ "ጋሼ፣ መቼ ነው የምንጫወተው?" አለችው።

"አንቺ እንኳ ባትገቢ ይሻላል። ሰዉ አዝማሪ ቤት ከፈቱ ይለናል" አላት አባቴ፣ ፊቷን ሳያይ።

አዝማሪ ቤት ምን ነውር እንዳለበት አልገባኝም። አክስቴ ግን ክራሯን አንስታ ወጣች።

አባቴ በጭብጨባ ሊቀመንበር ሆነ፤ ማኅተምም አስቀረጸ። ማኅበሩ አንድ ዜማ እንኳ ሳይጫወት ፈረሰ። ማኅተሙን እኔ ወረስኩት።