የሲስተር የሺመቤት የእጅ ውሃ

ዕድሜያቸውን በሙሉ ነርሶችን ሲያሠለጥኑ የኖሩት ሲስተር የሺመቤት በያዝነው ወር መጀመሪያ በልብ ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተው፣ በትውልድ ቦታቸው በአንኮበር ተቀብረዋል። ለተማሪዎቻቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለቤተሰባቸው መጽናናትን እመኛለሁ። ለአንድ ሰው ግን አልመኝም።

ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ የጤና ኮሌጅ ተማሪያቸው ነበርኩ፤ በኋላም በዚያው መምህርት ሆኜ አብሬያቸው ሠርቻለሁ። የተግባር ፈተናን ያለፈበት ያውቀዋል። ደወል ይደወላል፤ ተማሪው ለመርፌ መለማመጃ ከተሠራ የፕላስቲክ ክንድ ፊት ይቆማል፤ ፈታኙ የነጥብ ዝርዝሩን ይዞ ይመለከታል። የመጀመሪያው ነጥብ እጅ መታጠብ ነው። በፈተናው ክፍል ውሃ ስለሌለ ተማሪው «እጄን ታጥቤያለሁ» ብሎ በቃል ብቻ ነጥቡን ይወስዳል። ሳይታጠቡ ታጥቤያለሁ ማለትን ያስተማርነው እኛው ነን።

ሲስተር የሺመቤት ይህን አልተቀበሉም። በፈተና ቀን ከቤታቸው በሁለት ፔርሙስ የሞቀ ውሃ ይዘው ይመጡና፣ ከበሩ አጠገብ ማስታጠቢያ አስቀምጠው እያንዳንዱን ተማሪ በእጃቸው ያስታጥቡ ነበር።

እኔ በተፈተንኩበት ቀን እህል ከቀመስኩ ቆይቼ ነበር። ያጠናሁት ሁሉ ጠፍቶብኝ፣ ትምህርቱን ትቼ ደነባ ወላጆቼ ዘንድ ለመመለስ ቆርጬ ነበር። ከፊቴ የነበረችው ልጅ፣

«ሲስተር፣ ይኼ ውሃ ለእጅ ነው ለሻይ?» አለቻቸው።

«ሻዩን ስታልፊ እጋብዝሻለሁ። እጅሽን ወዲህ በይ፣ ቀልደኛ!»

ተራዬ ሲደርስ «ልሂድ ሲስተር፣ ምንም አላስታውስም» አልኳቸው።

«ሂጂ፣ ማን ያዘሽ? ግን ታጥበሽ ሂጂ፤ እጅሽ በረዶ ሆኗል።» ውሃውን ቀስ ብለው አፈሰሱልኝ። «ጣት ለጣት። አትቸኩዪ። በሽተኛውም እንዳንቺው ፈርቷል።»

ውሃው ሲያልቅ ያጠናሁት ተመልሶልኝ ነበር። ገባሁ፤ አለፍኩም።

ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ የክፍል ኃላፊ ተሾመ። ስሙን አልጽፍም፤ በዚህ ጽሑፍም አንቱ አልለውም። ተማሪን በጓደኞቹ ፊት ማስለቀስ ማስተማር ይመስለው ነበር። በመጀመሪያው ፈተና ቀን ማስታጠቢያውን በእግሩ ገፍቶ፣

«እማማ፣ ይኼ ፈተና ነው እንጂ ሠርግ ቤት አይደለም» አላቸው።

«የኔ ጌታ፣ ሠርግ ቤትም ሆነ ሆስፒታል ሳይታጠቡ አይገባም» አሉት። ተማሪዎቹ ሳቁ።

ያንን ሳቅ ይቅር አላለም። በሳምንቱ «በማስታጠብ ሰበብ ለተፈታኞች መልስ ይነግራሉ» የሚል ደብዳቤ ጽፎ ከማስተማር አገዳቸውና ዕቃ ክፍል አስቀመጣቸው። ደብዳቤውን በኮሌጁ አዳራሽ በተጠራ ስብሰባ ላይ ሲያነብ እኔም ነበርኩ። ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ አንድ ቃል አልተናገርኩም። የእርሱን ጽፌ የራሴን ብደብቅ ማንም አያምነኝም።

ያ ሰው ቀብሩ ላይ የአበባ ጉንጉን ይዞ መጣ። «እናታችን ነበሩ» ብሎም ንግግር አደረገ። እጁን ሲዘረጋልኝ አልጨበጥኩትም።

«ምነው መምህርት? ያኔኮ ሦስት ተማሪዎች በጽሑፍ መስክረውባቸዋል። ፋይሉ ውስጥ አለልሽ» አለኝ።

እንግዲያው ፋይሉን አየሁ። ደብዳቤው የሦስት ተማሪዎች ምስክርነት ተያይዟል ይላል፤ የተያያዘ ወረቀት ግን የለም። መዝገብ ቤቱም እንዲህ ያለ ምስክርነት ገቢ ሆኖ እንደማያውቅ ከመዝገቡ አሳየኝ። ዛሬ በደብረ ሲናና በለሚ በየጤና ጣቢያው ለሚሠሩት የዚያን ቀን ተፈታኞች አንድ በአንድ ደወልኩ። በሲስተር ላይ የጻፈ አንድም ሰው አላገኘሁም። ስለ ሲስተር የሚያውቁትን ግን አሁን ጽፈው ፈርመውልኛል። ሰነዱን ለዲሲፕሊን ኮሚቴ አስገብቻለሁ። ያንን ደብዳቤ ባነበበበት አዳራሽ፣ በተማሪዎች ፊት፣ ሐሰት እንደነበር በራሱ አንደበት እንዲናገር እፈልጋለሁ። ከዚያ በኋላ ይቅርታውን አልፈልግም፤ የምፈልገው ከኃላፊነት ወንበሩ መነሣቱን ነው።

ሲስተር፣ ዕቃ ክፍል ሆነው ጓንት እየቆጠሩ ሳለ ልጠይቅዎ በመጣሁ ቁጥር «ተዪው ልጄ፣ እግዜር ያየዋል» ይሉኝ ነበር። ስለ ዝምታዬ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም፤ ቢወቅሱኝ ይቀለኝ ነበር። ያዘዙኝን ሁሉ ፈጽሜያለሁ፤ ይህንን አንዱን ግን አልታዘዝዎትም። እግዜር ይየው፤ ኮሚቴውም ይየው። እርስዎ በሰላም ይረፉ። እኔ ሰኞ ጠዋት ቀጠሮ አለኝ።