የአሮጊቷ ጧፍ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን አለቃዬ ሄለን ወንበሬን ከማሳየቷ በፊት ዘንዶውን አሳየችኝ። ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለ ፎቅ ላይ፣ ጥቂት ሰዎች ሆነን ጀግና፣ ጠንቋይና አስማተኛ ሰይፍ ያለበት የኮምፒውተር ጌም እንሠራ ነበር። "ዘንዶው የእርስዎ አይደለም" አለችኝ። "የእርስዎ ተሳላሚዎቹና መንገደኞቹ ናቸው።"

ማንም ያልጠየቀውን አስተያየት በጋዜጣ ሲጽፍ ለኖረ ሰው ማዕረጉ የሚመጥን ነበር፦ የጎን ተልዕኮ ጸሐፊ። የጎን ተልዕኮ ማለት ተጫዋቹ ወደ ዘንዶው ሲሄድ መንገድ ላይ የሚያገኘው ትንሽ ሥራ ነው። ቢሠራው ይሸለማል፤ ቢተወው ጌሙ አይቆምም።

ደንቡ ቀላል ነው። ተሳላሚ መንገድ ዳር ቆሞ ውሃ ይለምናል፤ ውሃ የሰጠው ወርቅ ያገኛል። ውሃ የሚለምን ሰው ወርቅ ከየት አመጣ ብዬ ጠየቅሁ።

"ጋሽ በላይ፣ ዘንዶው እሳት ሲተፋ ጋዙን ከየት አመጣው አላሉም" አለችኝ። ልክ ነበረች።

በመጀመሪያው ሙከራ ተጫዋቾቹ አንዲት ቃል ሳያነቡ ወርቁን አፍሰው አለፉ። ሄለን፣ "በሚቀጥለውም እንዲህ ከሆነ ተሳላሚዎቹን እናወጣቸዋለን" አለች።

"እኔስ?"

"አብረው ይሸኛሉ።"

በማግስቱ ለምሳ ወደ አብነት ስወርድ ከፍርድ ቤቱ በር ላይ አንዲት ባለጉዳይ አስቆመችኝ። "ወንድሜ፣ በልደታ ቤተ ክርስቲያን በኩል ነህ? ይቺን ጧፍ አድርስልኝ፤ ችሎት ሊጠራኝ ነው።" በዚያ በኩል አልነበርኩም። ስሜን እንኳ አልጠየቀችኝም። ምሳዬን ትቼ፣ እየተነጫነጭኩ አደረስኩላት።

ከሰዓት አዲስ ተልዕኮ ጻፍኩ። እግሯ ያበጠ አሮጊት ተሳላሚ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። "ልጄ፣ እኔ አልደርስም፤ ይቺን ጧፍ ገዳሙ አድርስልኝ" ትላለች። ሽልማት የለውም። ጧፏ ግን የጀግናው ከረጢት ውስጥ ቦታ ትይዛለች፤ ከረጢቱ ደግሞ ጠባብ ነው።

ሄለን አንብባ፣ "ይሄን የሚጫወት ሰው የለም" አለች። እኔም ብዙ አልጠበቅሁም። ስለ ሰው ልጅ ያለኝ አስተያየት በጋዜጣ ወጥቷል።

ለሙከራ የመጣው ሙሉጌታ የሚባል የጌጃ ሰፈር አናጺ ነበር። ከኋላው ቆመን አየነው። አሮጊቷን እስከ መጨረሻው ሰማት፤ ጧፏን ተቀበለ። ትንሽ እንደሄደ ዘንዶውን የሚገድለውን ሰይፍ አገኘ። ከረጢቱ ሞልቷል። ጌሙ "ጧፏን ጣል?" ብሎ ጠየቀው።

ሙሉጌታ ወደኛ ዞረ። "ይሄ ነገር ተበላሽቷል።"

"ምን ሆነ?" አለች ሄለን።

"ጧፏን ጣል ይለኛል። የሰው አደራ እኮ ነው! አስተካክሉት እንጂ።"

"አልተበላሸም። ከፈለግክ መጣል ትችላለህ።"

"እችላለሁ? አንቺ ብትሆኚ ትጥያታለሽ?"

መልሷን አልጠበቀም። ሰይፉን መሬት ላይ ትቶ ተራራውን ወጣ፤ ጧፏን አብርቶ ወረደ። ሰይፉ ጋ ሳይመለስ ዘንዶው በላው። ሙሉጌታ እየሳቀ፣ "ይብላኝ፤ አደራዬን አድርሻለሁ" አለ።

ሄለን ተሳላሚዎቹን አላወጣችም፤ እኔም እዚያው ወንበር ላይ አለሁ። "'ጣል' የሚለውን ቁልፍ እናንሳው ይሆን?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። ይቆይ አልኳት።

ለአዳዲስ ጸሐፊዎች የምነግራቸው ይህንኑ ነው፦ ለተጫዋቹ ወርቅ ሳይሆን አደራ ስጡት፤ መጣያውንም ቁልፍ ተዉለት።