የታምራት ትከሻ

ባለፈው ሰሞን ለአጥር ማሰሪያ የሚሆን ገመድ ልገዛ ጃጁራ ገበያ ጎራ ስል፣ አንዲት ሴትዮ ገና በደንብ ያልደረቀ የእንሰት ቃጫ ጭብጥ አድርጋ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ኮምጠጥ ያለ የቆጮ ሽታ ያለው። «ይዩት እንጂ፣ እንደ ፀጉር እኮ ነው» ትለኛለች። ቃጫውን መልሼላት ገመዱንም ሳልገዛ ስሄድ ዋጋው የተወደደብኝ መስሏት እየቀነሰች ከኋላዬ ተጣራች። ምስኪን፣ በምን ትወቅ። እኔ በዚያች ቅጽበት ሆሳዕና፣ ድሮ ቤታችን፣ ከእህቴ ከአስቴር የስፌት መኪና ሥር ቁጭ ብዬ ነበር።

አባታችን ከሞቱ ወዲህ ቤቱን ያቆመችው ያቺ መኪና ነበረች። አስቴር ትሰፋለች፣ እናታችን ትዘመዝማለች፣ እኔ የወደቀ መርፌ እለቅማለሁ፣ መካከለኛው ወንድማችን ታምራት ደግሞ ምንም አይሠራም። አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። ቁመቱ እንደ ባሕር ዛፍ ተመዞ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ትከሻው አምስተኛ ክፍል ቀርቷል እያልን እናበሽቀው ነበር፤ እሱም ከልቡ ይበሽቅ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሲኒማ ለእኛ ማለት አልፎ አልፎ ጀኔሬተር ጭና የምትመጣ አንዲት መኪና ነበረች፤ ስትመጣ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ አንሶላ ይሰቀላል፣ ከተማው ሁሉ እዚያው ይታጨቃል። ያን ዓመት የመጣውን ፊልም ስም እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ መጀመሪያው ተቆርጦ ስለነበር ከመሃል ነበር የሚጀምረው። ታሪኩ የአንድ ባዕድ አገር የድሮ ንጉሥ ዘመን ነው። መኮንኖቹ እስከ አንገታቸው የተቆለፈ ሰማያዊ ኮት ለብሰው፣ ሰፋፊ ትከሻቸው ላይ ወርቃማ ዘርፍ እየተወዛወዘ ፈረስ ይጋልባሉ። አንድ መምህር ድምፅ ማጉያ ይዘው ይተረጉሙልናል፤ ቋንቋውን እንደማያውቁት ሁላችንም እናውቃለን፤ በመጀመሪያው ቀን የፊልሟ ልጃገረድ ወንድም የነበረው መኮንን በማግሥቱ እጮኛዋ ሆነ። ምን ገዶን፣ ሁለቱንም ቀን እኩል አለቀስንለት።

ታምራት በዚያ ኮት ታመመ። ካልሰፋሽልኝ ብሎ አስቴርን መውጫ መግቢያ አሳጣት፤ እሷም ብትሆን ፊልሙን ስታይ ዓይኗ ከስፌቱ ላይ አልተነቀለም ነበርና የኮቱን ቅድ ከራሷ አውጥታ በሲሚንቶ ወረቀት ላይ ነደፈችው። ጨርቁ ከየት ይምጣ? ቤተ ክርስቲያናችን በደርግ ከታሸገ ጀምሮ እናታችን የመዘምራኑን ሰማያዊ ካባ ሣጥን ውስጥ ደብቃ ነበር። «የጌታን ልብስ ለጨዋታ?» ብላ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠችበት። ከሳምንት በኋላ ግን ከፍታ ብታየው ብል ጀምሮታል፤ «ከብል የእኔ ልጅ ይሻላል» አለችና ራሷ አውጥታ ሰጠች። ለቁልፉ የለስላሳ ቆርኪ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ለበጥን፤ ወረቀቱን የምንለቅመው ከመጠጥ ቤት ደጅ ስለነበር የጴንጤ ልጆች ሲጋራ ጀመሩ ተብሎ ተወራብን።

የቸገረው ትከሻው ነበር። ኮቱ ከታምራት ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል። አስቴር ከገበያ የእንሰት ቃጫ ገዛች፤ እኔ በጣቴ እያፍታታሁ አቀበልኳት፣ እሷ በገበሩ ውስጥ እየጠቀጠቀች ሰፋችው። ሲለብሰው እያሳከከው መስታወቱ ፊት ቆመ። ሌላ ልጅ ነበር፤ ልጅም አልነበረም። አስቴር ራቅ ብላ ዓይታው፣ «አሁን ሰው ሆንክ» አለችው።

ወሬው ቀበሌ ደረሰ። ሊቀ መንበሩ ለአብዮት በዓል በሚታየው ቲያትር ላይ ታምራት ልብሱን ይዞ እንዲገባ አዘዙ፤ በዚያ ኮት መጫወት የሚቻለው ደግሞ አድሃሪን ብቻ ነው። ታምራት በሰፊው ሕዝብ ዱላ ተመትቶ መውደቅ ነበረበት፤ ኮቱ እንዳይቆሽሽበት ቀስ ብሎ ቁጭ አለ እንጂ አልወደቀም። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፊት ወንበር ላይ ከአውራጃ የመጣ ካኪ የለበሰ እንግዳ ነበር። እንባው እስኪመጣ ሲስቅ ቆይቶ ዞር አለና፣ «ያ ረጅሙ አድሃሪ የማን ልጅ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«የእኔ ነው!» አለች እናቴ ከኋላ፣ በኩራት።

ብዙም ሳይቆይ ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱ ልጆች ስም ሲጠራ የታምራትም ተጠራ። ዕድሜው አልደረሰም ብንል ማን ይስማ፣ የልደት ወረቀት ያለው ማን ነው? ዕድሜ የሚገመተው በዓይን ነበር፤ በዓይን ደግሞ ታይቷል።

አስቴር ኮቱን ታቅፋ ልጆቹ ወደተሰበሰቡበት ግቢ ሄደች፤ እኔ ቀሚሷን ይዤ ተከተልኳት። በዚያ በካኪ ለባሹ እንግዳ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ትከሻውን በመቀስ ተረተረችው፣ ቃጫውንም ጎትታ ፊቱ ከመረችለት። «ጌታዬ፣ ትከሻው ይኸውልዎት። እኔ ነኝ የሠራሁት። ልጁ ይሄ የለውም» አለችው። ሰውዬው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቃጫውን በጣቱ እያሸ ፈገግ አለና፣ «እጅሽ ይባረክ እህቴ፣ አይዞሽ፤ ትከሻውን ሠራዊቱ ያወጣለታል» አላት። ታምራት ከልጆቹ መሃል ቆሞ ያየን ነበር፤ የሰጡት ካኪ እጅጌ ጣቱን ሸፍኖታል። በጓደኞቹ ፊት ትከሻ የለውም ተብሎ ያፈረ ይመስለኛል። እጁን አንሥቶ እንኳ አልተሰናበተንም።

ወደ ሰሜን ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁም የለ፣ ወሬውም የለ። የተተረተረው ኮት ትከሻው ተንጠልጥሎ ግድግዳው ላይ ቀረ። በር ሲከፈት በነፋሱ ይንቀሳቀሳል፣ ያን ጊዜ ሁላችንም ዞር ብለን እናያለን፤ ማናችንም ግን አናወርደውም። ኋላ በትከሻው ስፖንጅ የሚገባበት የሴቶች ኮት ፋሽን ሆኖ የቢሮ ሴቶች ሲጎርፉ፣ አስቴር ስፖንጅ አላስገባም ብላ ደንበኞቿን ለሌላ ሰፊ ለቀቀች። ደርግ ወድቆ ወታደሩ እየተንጠባጠበ ሲገባ እናታችን መናኸሪያ እየዋለች የእያንዳንዱን ፊት አየች፤ ሳታገኘውም አረፈች። መርዶ ስላልመጣ ለታምራት ለቅሶ አልተቀመጥንም።

አስቴር ግን በየመስቀሉ፣ የደንበኛው ሁሉ ልብስ ካለቀ በኋላ፣ ለእሱ አንድ ሸሚዝ ትሰፋ ነበር። አካሉን በግምት እያሳደገች ትከሻውን በየዓመቱ አንዲት ጣት ታሰፋዋለች። ደርግ ከወደቀም በኋላ አላቆመችም። አንድ ዓመት ስትቆርጥ አጠገቧ ነበርኩ። የአምናውን ሸሚዝ አምጥታ ጨርቁ ላይ ዘረጋችና ልክ በዚያው ልክ ቆረጠችው። እያየኋት መሆኑን አውቃ፣ ቀና ሳትል፣ «በቃ፣ ከዚህ በላይ አያድግም» አለችኝና መኪናዋን መርገጥ ጀመረች። እኔ ጓሮ ወጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ለወንድሜ አለቀስኩ፤ ስመለስ ሸሚዙ አልቋል፣ አስቴርም ቁልፍ እየተከለችለት ነበር።