የዣን ዳርክ እናት

ጎረቤቴ አሮጌ ደብተሮች ሲያቃጥል ጭሱ በመስኮት ገባና፣ ጅሬን የነበረው ቤታችን ጓሮ ትዝ አለኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ታላቅ እህቴን ሰዓዳን ከትምህርት ቤት በወሰዷት በሦስተኛው ቀን፣ እናቴ ፈታሾች ሳይመጡ ብላ የሰዓዳን መጽሐፎች ጓሮ እሳት ውስጥ ትጨምር ጀመር። ማንበብ አትችልም። አንዱ ሽፋን ላይ የጦር ልብስ ለብሳ ፈረስ ላይ የተቀመጠች ልጅ አየችና እጇ ቆመ።

"ይቺ ማናት?"

"ዣን ዳርክ። የፈረንሳይ ገበሬ ልጅ ናት። ጦር መርታ አገሯን ከጠላት አስጣለች፤ በኋላ ይዘው አቃጠሏት። ሰዓዳ ናት የነገረችኝ።"

"ስንት ዓመቷ ነበር?"

"አስራ ዘጠኝ።"

የሰዓዳም ዕድሜ እሱ ነበር።

"እናቷስ? እናቷ ምን አደረገች?"

ሰዓዳ ይህን አልነገረችኝም። "እንጃ" አልኳት።

"ያ ረቢ!" ብላ መጽሐፉን እሳቱ ውስጥ ወረወረችው። ለማታውቃት ፈረንጅ ለምን እንደምታለቅስ አልገባኝም።

ሰዓዳ አልተመለሰችም። ካደግሁ በኋላ ነው ያነበብኩት፤ የዣን እናት ከሃያ ዓመት በላይ ቆይታ፣ አርጅታ፣ ዳኞች ፊት ቀርባ ልጇ ንጹሕ መሆኗን አስፈርዳለች።

እናቴ ያን ጊዜ ሞታ ነበር። የተቀበረችበት ሰቃ ሄጄ መቃብሯ አጠገብ ተቀመጥኩና፣ ሰው አለመኖሩን አይቼ፣ ድምፄን አውጥቼ ነገርኳት።